ሴሬቤለም የሌላት ልጄ ብርጭቆ መያዝ የተማረችው እንዲህ ነው
ልጄ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ይዛ ከኩሽና ሳሎን ድረስ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጠብ ያለ ነገር የለም። እኔ ግን እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

አራት ዓመት ሞልቷትም ያለ ድጋፍ አትቆምም ነበር። ኤምአርአይ ተነሳች። ሐኪሙ ከጭንቅላቷ በስተኋላ፣ ከማጅራቷ ከፍ ብሎ ያለውን ጥቁር ቦታ አሳየኝ። ሴሬቤለም የሚባለው የአንጎል ክፍል ሳይፈጠር ነው የተወለደችው። ቦታውን የያዘው ፈሳሽ ነው።

ሴሬቤለም ከአንጎላችን አንድ አስረኛ ያህል ቢሆን ነው። ግን ከ86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች 80 በመቶ የሚሆኑት እዚያ ታጭቀዋል። ይህን ሳነብ ጨለመብኝ። ያጽናናኝ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ የቻይናዊት ታሪክ ነው። የ24 ዓመት ሴት፣ የልጅ እናት ናት። ሴሬቤለም እንደሌላት የታወቀው ማዞርና ማቅለሽለሽ ብሏት ሐኪም ቤት ስትሄድ ነው። የተራመደችው በሰባት ዓመቷ ነበር። ዘግይታ፣ ግን ተራምዳለች።

ይህ ክፍል እጃችንን "ተነሳ" ብሎ አያዝም። የታዘዘውን ይለካል፣ ያርማል። የሰከረ ሰው የሚንገዳገደው አንዱ ምክንያት አልኮል ይህን ክፍል ስለሚያውከው ነው።

ትልቁ ስህተቴ ወሬዬ ነበር። "ቀስ በይ! ወደፊት እዪ! አጥብቀሽ ያዢ!" ውሃው ይደፋል፣ እሷ ታለቅሳለች። አንድ ቀን ፊዚዮቴራፒስቷ "እስቲ ትንሽ ዝም ይበሉላት" አለችኝ። እኛ ሳናስብ የምናደርገውን ልጄ እያሰበች ነው የምታደርገው። እኔ ስናገር ያንኑ ሐሳቧን እሻማታለሁ።

ከዚያ በኋላ እንቅስቃሴውን ቆራረጥነው። ክርኗን ከጎኗ ታጣብቃለች። መዳፏን ጠረጴዛው ላይ እየጎተተች ብርጭቆው ጋ ስትደርስ ትቆማለች። ትጨብጣለች። ትቆማለች። ታነሳለች። ምላሷ በከንፈሯ ጥግ ብቅ ይላል። ቀላል የፕላስቲክ ኩባያ ሲንቀጠቀጥባት፣ ወፍራሙና ከባዱ ብርጭቆ ግን እጇ ላይ ይረጋላት ነበር። ግማሽ ድረስ ብቻ እየሞላን ወራት ፈጀብን።

ዘግይቶ የገባኝ ግን ሌላ ነው። ትምህርት ቤት "ትኩረት የላትም፣ ግልፍተኛ ናት" ሲሉኝ አምኜ እቆጣት ነበር። ዛሬም ይቆጨኛል። ጄረሚ ሽማማን የተባለ የነርቭ ሐኪም ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ጥናት፣ ሴሬቤለም ሲጎዳ ማቀድ፣ ቋንቋና ስሜትም እንደሚታወኩ አሳይቷል። እጇ ብርጭቆውን አልፎ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ንዴቷም ልኩን ያልፋል ማለት ነው። የሰውን ፊት አይቶ መረዳትም ይከብዳታል። ስለዚህ አሁን በግልጽ እነግራታለሁ፤ "ደክሞኛል እንጂ አልተቆጣሁም" እላታለሁ። የቀኑ ፕሮግራም ከተቀየረ ደግሞ ቀደም ብዬ፣ አንድ በአንድ። ለቅሶው በጣም ቀንሷል።

ትናንት ብርጭቆ ይዛ ስታልፍ ረስቼ ጠራኋት። ዞር አላለችም። ጠረጴዛው ጋ ደርሳ ብርጭቆውን አስቀመጠች፣ እጇን ለቀቀች፣ ከዚያ "አቤት እማዬ፣ አሁን ንገሪኝ" አለችኝ።