ሽጉጥ ልገዛ ገብቼ የልጆች ወረቀት ተሰጥቶኝ ወጣሁ

ትናንት አንድ የባህር ዳር ጓደኛዬ ደውሎ "አንተ፣ እዛ አሜሪካ ሽጉጥ እንደ ዳቦ ነው የሚሸጠው አሉ፣ ስንት ገዛህ?" አለኝ። ሳቅኩበት፣ ከዛ ያቺ ሽጉጥ ሻጭ ሴትዮ ትዝ አለችኝና ሳቄ ቆመ።

የምኖረው ቴክሳስ ግዛት፣ ጋርላንድ ነው፣ ዳላስ አጠገብ። እኔ ሌሊት ነው የምሠራው፣ ሚስቴና ልጆቼ ብቻቸውን ያድራሉ፣ የጎረቤታችን የጓሮ መስኮት ተሰብሮ ሲዘረፍ በቃ ሥራ ላይ ሆኜ ልቤ አልቆም አለ። ቴክሳስ ደግሞ ለመግዛት ፈቃድ ምናምን የለም፣ ግሪን ካርድ ካለህና 21 ዓመት ከሞላህ ፎርም 4473 የሚባለውን የሽጉጥ መግዣ ቅጽ ሞልተህ የወንጀል ታሪክ ማጣሪያውን ካለፍክ በዛው ቀን ይዘህ ልትወጣ ትችላለህ። ሌላ ግዛት፣ ሜሪላንድ ያለው የአክስቴ ልጅ ግን አሻራ ሰጥቶ፣ ኮርስ ወስዶ፣ ከዛ 7 ቀን ጠብቆ ነው ያገኘው።

እኔ እንግዲህ የጎጃም ልጅ ነኝ። አያቴ ምንሽሩን ምሰሶው ላይ ሰቅሎ የኖረ ሰው ነው፣ ሰርግ ላይ ሲተኩስ ቀለሁን እየለቀምኩ ነው ያደግኩት፣ ስለዚህ ደረቴን ነፍቼ ሱቁ ገባሁ። ሽጉጡ ከዓሣ መንጠቆና ከቋንጣ አጠገብ ነው የሚሸጠው፣ እናቴ ብታይ ታማትብ ነበር። ባንኮኒው ጋ ያለችው ፀጉሯ የነጣ፣ መነፅሯን በገመድ ያንጠለጠለች ሴትዮ ነች። "ትልቁን፣ ያን ባለ 45 ካሊበሩን" አልኳት። የጥይት ካርታውን አውጥታ፣ ከፍታ ባዶ መሆኑን አሳይታ ሰጠችኝ። እኔ ሆዬ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጣቴን ምላጩ ላይ አድርጌ፣ ዞር ዞር እያልኩ ማነጣጠር። ለካ አፈሙዙ ከጎኔ ልጅ ያቀፈ ሰውዬ ላይ ነው። ሱቁ ጭጭ አለ። ሴትዮዋ እጄን ቀስ አድርጋ ወደ ታች ተጭና "ጣትህን አውጣ" አለችኝ። ከዛ ከመሳቢያ ቢጫ ወረቀት አወጣች፣ የድብ ካርቱን አለበት፣ ጣት ከምላጭ ይራቅ፣ አፈሙዝ ወደ ሰው አይዙር የሚል። "የልጆች ክላስ ነው፣ ግን እንግሊዝኛው ቀላል ነው" ብላ! እንግሊዝኛዬንም ጨምራ ገደለችው።

ሥራዋን ግን ታውቃለች። "ሌሊት ቤት ማነው ያለው?" ሚስቴ። "ታዲያ ማነው የሚተኩሰው?" መልስ አጣሁ። ሪቮልቨር፣ ያ የሚሽከረከር የጥይት ጎተራ ያለው፣ ቀላል ይመስላል እንጂ ምላጩ ይጠነክራል ብላ ግሎክ 19 የሚባል ባለ 9 ሚሊሜትር ሽጉጥ አሳየችኝ፣ 15 ጥይት ይጎርሳል። ቀጥላ የልጆችህ አልጋ የትኛው ግድግዳ ጋ ነው አለችኝ። እኛ አገር ግድግዳ ማለት ጭቃ ነው፣ ብሎኬት ነው፣ እዚህ የ30 ዓመት ዕዳ የገባህበት ቤት ክፍሉ የሚለየው በጂብሰም ነው፣ በቡጢ ይበሳል፣ ጥይትማ አልፎት ቀጣዩ ክፍል ይገባል።

ያን ቀን ሳልገዛ ወጣሁ። ከወር በኋላ ከሚስቴ ጋር ሄደን እሷ በእጇ ልክ መረጠች፣ በቁልፍ የሚዘጋ የብረት ሳጥንም አብረን ገዛን። እሷ ጣቷን ምላጩ ላይ አላደረገችም፣ ወረቀቱን አንብባዋለቻ!

ልትመጡ ያሰባችሁ፣ በተማሪ ወይ በቱሪስት ቪዛ ከሆነ ሽጉጥ መያዝ በአብዛኛው አይፈቀድምና ይዞ ቲክቶክ ላይ ፎቶ ባይለጠፍ ይሻላል፣ ራሳችሁ ላይ ማስረጃ ነው። "አንተ ግሪን ካርድ አለህ፣ ግዛልኝ" የሚል ዘመድም አይጠፋም፣ ፎርሙ ለራስህ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ እዛ ላይ መዋሸት እስር ሊያመጣ ይችላል፣ ግሪን ካርድህም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ጓደኛዬ ይሄን ሁሉ በትዕግስት ሰማኝና "እሺ፣ ለእህቴ ሰርግ ስትመጣ ግን አንድ ይዘህልኝ ና" አለኝ።