ፀጉሬ ደንገጎን ያውቃል

ነሐሴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

አዲሱ የመሥሪያ ቤት ባጅ ትናንት ታደለን። ፎቶው ላይ ያለችው እኔ መሆኔን ያረጋገጥኩት ስሜን አንብቤ ነው። ፊቱ የእኔ ነው። ከግንባሬ በላይ ያለው ግን የፎቶውን ጠርዝ አልፎ ወጥቷል። በር ላይ ያለው ጥበቃ ባጁን አየ፣ እኔን አየ፣ "አቦ፣ ይቺ እህትሽ ናት?" አለኝ። ይህ ነገር አንገቴ ላይ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይንጠለጠላል።

የሚያናድደው፣ ፎቶ እንደምንነሳ ቀድሞ ተነግሮን ነበር። ተዘጋጅቼበታለሁ። በዋዜማው ፀጉር ቤት ሄድኩ። ፍልሰታ ስለነበር ሠርግ የለም፣ ወረፋ የለም። ፀጉር ሠሪዋ ሳትቸኩል አጠበችኝ፣ በቢጉዲን ጠቀለለችኝ፣ ካስክ ውስጥ አርባ ደቂቃ ተቀቀልኩ፣ ሲያልቅ ደግሞ በላዩ ላይ ፔስትራ። ስወጣ ፀጉሬ ትከሻዬ ላይ ይንሸራተት ነበር። ከርዳዳ ነው ፀጉሬ፤ ሉጫ ሆኖ በዋለበት ቀን ትንሽ ቀና ብዬ እሄዳለሁ፣ አልዋሽም። ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር ወደ ከዚራ በባጃጅ ስመጣ ዝናቡ ቆሟል፣ ፀሐይ ወጥታ መሬቱ ይተናል፣ አየሩ ሙቅ ሻወር የተወሰደበት ክፍል ይመስላል። አንዲት ጠብታ አልነካችኝም። ካሜራው ፊት ስቀመጥ ግን ፀጉሬ ከእኔ ቀድሞ ቆሟል።

ጠብታ ሳይነካው እንዴት እንደሚንጨባረር ለብዙ ዓመት አልገባኝም ነበር። ለዝናብ ጃንጥላ አለ፣ ሻሽ አለ። ለአየር ምን ይያዛል?

ዛሬ የሚገባኝ እንዲህ ነው። ፀጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው፤ የፕሮቲኑ ክሮች እርስ በርሳቸው በተለያዩ ማሰሪያዎች ተያይዘዋል። ጠንካራውን ማሰሪያ ለመስበር እንደ ሪላክሰር ያለ ኬሚካል ይፈልጋል። ደካማው ግን፣ የሃይድሮጅን ማሰሪያ የሚሉት፣ ውኃ ሲያገኝ ይፈታል፣ ሲደርቅ ደግሞ በተያዘበት ቅርጽ ይታሰራል። ቢጉዲኑም ፔስትራውም የሚሠሩት በዚህ በደካማው ላይ ነው። ውኃው ከቧንቧ ቢመጣ ከአየር ቢመጣ ደግሞ ለእሱ አንድ ነው። ፀጉር ሠሪዋ ሐሙስ በሦስት መቶ ሃምሳ ብር ያሰረችልኝን፣ ዓርብ ጠዋት የድሬ አየር በነፃ ፈታው። የእያንዳንዱ ፀጉር የላይኛው ልባስም አለ፤ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ ነው። በሙቀት፣ በቀለም ወይም በማበጠሪያ ሲጎዳ ቆርቆሮው ይነሳል፤ በተነሳው በኩል እርጥበት ይገባል። አንዱ ፀጉር ብዙ ይጠጣል፣ ጎረቤቱ ትንሽ፤ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ይጠማዘዛል። ባጄ ላይ ያለው ይኸው ነው።

ሆራስ ቤኔዲክት ደ ሶሲር የሚባለው ስዊዘርላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1783 የአየር እርጥበት መለኪያ ይዞ ብቅ ሲል፣ መሣሪያው ውስጥ የወጠረው የሰው ፀጉር ነበር። ፀጉር ከደረቅ አየር ወደ እርጥብ ሲገባ ርዝመቱ በ2 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፤ መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው ያቺ ጭማሪ ናት። ይህን ሳነብ ከራሴ ጋር ትንሽ ታረቅሁ። የእኔ ፀጉር አልተበላሸም፣ እየለካ ነው። መርፌ ነው ያጣው።

አሁን ወደ ጠርሙሶቼ። የመታጠቢያ ቤቴ መስኮት ላይ ዛሬ ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ ናቸው። ከዘጠኙ ሰባቱ "ለደረቅ ፀጉር" የሚሉ ናቸው። ሱቅ በገባሁ ቁጥር አስተሳሰቤ አንድ ነበር፤ ድሬ በረሃ ነው፣ ፀጉሬ ደርቋል፣ ስለዚህ እርጥበት የሚሰጥ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ይህ ልክ ነው፤ ያኔ የታጠበ ድሪያ ገመድ ላይ ሰቅዬ ቡና እስካፈላ ይደርቃል። ነሐሴ ግን ሌላ አገር ነው። ያው ድሪያ ሁለት ቀን ሳይደርቅ ይቆያል፣ ጨው ዕቃው ውስጥ ይጋገራል፣ እኔ ግን ያንኑ ጠርሙስ እጨምቃለሁ።

ከሁሉም የሚብሰው ሐረር ያለችው የአክስቴ ልጅ ያስገዛችኝ ነው። ቤቷ ባደርኩ ጊዜ ተጠቅሜበት፣ ጁገል ውስጥ ሙሉ ቀን ስዞር ውዬ፣ ፀጉሬ አንድም ሳይነሳ ገባሁ። በማግስቱ ያንኑ ገዝቼ ይዤ ወረድኩ። እማምላክን፣ በሐረርና በድሬ መካከል ያለውን የደንገጎ ተራራ አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ሚኒባሱ ውስጥ ጭንቅላቴ ሲከብድ ተሰምቶኛል! መጀመሪያ ሐሰተኛ ሸጠውልኝ ነው አልኩ። (ሐሰተኛም ገዝቼ አውቃለሁ። አንድ ሱቅ በ850 ብር የሸጠልኝ ኮንዲሽነር ሽታው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ነበር፤ ክዳኑ ላይ የታተመው ቀንና ጀርባው ላይ ያለው አይገጥሙም። ልመልስ ስሄድ "አንቺ ከፍተሽዋል" ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ብር ከማውጣቴ በፊት ሁለቱን ቀኖች አስተያያለሁ።)

የሐረሩ ግን ሐሰተኛ አልነበረም። ጀርባውን ገልብጬ ሳነብ ከውኃ ቀጥሎ የተጻፈው ግሊሰሪን ነው። ጀርባ ላይ የሚጻፈው ብዛት ካለው ተጀምሮ ወደሚያንሰው ስለሚወርድ፣ ሁለተኛ መሆኑ ብዙ ነው ማለት ነው። ግሊሰሪን ደግሞ ውኃ ሳቢ ነው፤ ከየትም ይስባል። ግንቦት ላይ ከአየሩ የሚስበው ሲያጣ ከራሱ ከፀጉሩ ሊስብ ይችላል። ነሐሴ ላይ አየሩ ሞልቶ ይሰጠዋል፣ ፀጉሩም ያብጣል። ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ፤ መካከላቸው 55 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብቻ ነው። ግን ሞቃት አየር ከቀዝቃዛው ይልቅ ብዙ ውኃ መሸከም ይችላል። ሁለቱም ዘንቦባቸው ባደረ ማግስት እንኳ ድሬ አየር ውስጥ ያለው ውኃ ሊበልጥ ይችላል። ያ ጠርሙስ ለሐረር የተሠራ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ለአክስቴ ልጅ ስነግራት "እንግዲያስ ነይና እዚሁ ኑሪ" አለችኝ። መፍትሔ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ዛሬ መስኮቱን አጸዳሁ። ግሊሰሪን ከፊት የተጻፈባቸውን አራቱን ካርቶን ውስጥ ከተትኩ፤ አልጣልኳቸውም፣ ጥቅምት ሲመጣ ይወጣሉ። ያስቀረሁት ኮንዲሽነር ዳይሜቲኮን ያለበትን ነው። ሲሊኮን ነው እሱ፤ ፀጉሩን በስስ ልባስ ሸፍኖ እርጥበቱ በቀላሉ እንዳይገባ የሚያደርግ። ጓደኞቼ ሲሊኮን ሲባል መርዝ የተጠራ ያህል ይደነግጣሉ። እየተደራረበ ፀጉር ማክበዱ እውነት ነው፤ ለዚያ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ጠንከር ባለ ሻምፑ መታጠብ አለ። ነሐሴን ያለ ሲሊኮን ተወጥቼ አላውቅም፣ እኔ አልደነግጥም።

ፀጉር ሠሪዋ ያቀረበችልኝን ግን እምቢ ብያለሁ። "ኬራቲን ተሠሪ፣ ስድስት ወር ትገላገያለሽ" ትለኛለች። አንዴ ሌላ ደንበኛ ሲሠራላት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ ፔስትራው ሲነካው የወጣው ጭስ ዓይኔን አስለቀሰኝ። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ብዙዎቹ ግን በሙቀት ፎርማልዴሃይድ ይለቃሉ። እሱን ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ከሚላቸው ውስጥ መድቦታል። እኔ ብሠራው በዓመት ሁለቴ ነው የማሸተው። ፀጉር ሠሪዋ ግን መስኮት በሌለው ክፍል በየቀኑ ነው። ይህን ብነግራት "አብሽሪ፣ ለምጄዋለሁ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንደምላት አላወቅሁም፤ ጉርሻ ጨምሬ ወጣሁ፣ እሱም አሳፈረኝ።

ቀፊራ ገበያ ቅቤ የምትሸጥልኝ አዴ ከሁላችንም ያነሰ ትጨነቃለች። ባጄን ባሳያት ከት ብላ ሳቀች፣ "ይሄ ለቅቤ የሚጮህ ፀጉር ነው" አለች፤ ነጋዴ አይደለች? ግን ልክ ናት። ለጋ ቅቤም የሚሠራው ያንኑ ነው፤ ላዩን ይዘጋል። እሷ ደግሞ ቀብታ አትተወውም፤ ሹሩባ ተሠርታ፣ ሻሽ አስራ፣ ፀሐይ ላይ ትውላለች። ሐረር የሐረሪ ባለትዳር ሴቶች ፀጉራቸውን ከጆሮ ኋላ በሁለት ጠቅልለው ጉፍታ በሚባለው የፀጉር መሸፈኛ ውስጥ ሲከቱት ለጌጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ተጠቅልሎ የተሸፈነ ፀጉር አየሩ የት ያገኘዋል? መጋላ ሰፈር ያሉት ሶማሌዎች የሚሸጡት ቃሲልም አለ፣ የቅጠል ዱቄት፤ በውኃ ሲመታ አረፋ ይሰጣል፣ እንደ ሳሙና ያጥባል። ሞክሬዋለሁ፣ ያጸዳል፤ ብጥቅጣቂው ግን ከርዳዳ ፀጉር ውስጥ ገብቶ ሦስት ቀን ሲረግፍ ይኖራል። ለፊቴ አስቀርቼዋለሁ።

ቅቤ ለቢሮ አይሆንም፣ በሙቀቱ ሽታው ከእኔ ቀድሞ ስብሰባ ይገባል። ስለዚህ ትናንት ማታ፣ ለፎቶው ባይደርስም ለሚቀጥለው ሳምንት ብዬ ተልባ ቀቀልኩ። እፍኝ ተልባ፣ ሁለት ኩባያ ውኃ፣ እንደ እንቁላል ነጭ ሲዝለገለግ በሻሽ ማጥለል። እርጥብ ፀጉር ላይ ሲቀባና ሲደርቅ ይይዘዋል። እናቴ ድስቱን ከፍታ አየችና "ለፍልሰታ የገዛሁት ተልባ?" አለች። ጾሙ ያልቃል፣ ፀጉሬ ግን አያልቅም ብላት ደግሞ ተቆጣች። ዛሬ ጠዋት ግን ጄሉን ቀብታ ከፊት የወጡትን ነጫጮቿን ስታስተኛ አግኝቻታለሁ። ምንም አልተናገርኩም።

አንድ ነገር ሁልጊዜ እረሳለሁ፣ ውኃውን። የቧንቧችን ውኃ ከጉድጓድ የሚወጣ፣ ካልሲየም የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይሠራል፣ የሻወሩ ቀዳዳ በየጊዜው በሎሚ ይታሻል። ማንቆርቆሪያው ላይ የሚቀረው ፀጉሬም ላይ ይቀራል፤ ያሻክረዋል፣ ሻምፑውም በደንብ አረፋ አይሰጥም። ዘጠኙን ጠርሙስ ስገዛ በምን ውኃ እንደማለቀልቃቸው አንድ ቀን አላሰብኩም። እናቴ ግን ልጅ ሆነን ክረምት ላይ በዝናብ ውኃ ነበር የምታጥበን። ያኔ ውኃ ለመቆጠብ ይመስለኝ ነበር። "ያለሰልሳል" ትል ነበር፣ ሌላ ማብራሪያ የላትም። የዝናብ ውኃ ካልሲየም የለበትማ።

አሁን አሥር ሰዓት አልፏል። በደንገጎ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። እናቴ በረንዳው ላይ ወጥታ ወደዚያው እያየች ነው። ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ፣ ሐምሌ ማለቂያ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ያን ሁሉ ሰው ከወሰደ ወዲህ፣ ተራራው ላይ ደመና ስታይ ዝም ትላለች። እዚያ ላይ የዘነበው እዚህ እንደሚደርስ የድሬ ሰው ያውቃል። ስለ ፀጉር እያወራሁ እንደሆነ አስታውሼ ትንሽ አፈርኩ።

ቆይታ "ባልዲውን አሸንዳው ሥር አድርጊው" አለችኝ። "የመጀመሪያውን አፍስሺው፣ የጣሪያ አቧራ ነው። ሁለተኛውን ያዢ።"

ሁለት ባልዲ አስቀመጥኩ። አንዱ የእሷ ነው።