ከ«ብኝ» ወደ «ልኝ»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን። ስለት አለብኝና ልመስክር። ለ3 ዓመት የራቀኝ እንቅልፍ ተመልሶልኛል፤ ክብር ለሥላሴ ይሁን። የራሴ ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል። ምን እንደ ደረሰብኝ አልዘረዝርም፤ ልመናዬ የተሰማው ግን የደረሰብኝን በደብተርና በቢክ በመጻፍ በኩል ነውና፣ ጎንደር ላይ ተመሳሳይ ሸክም የተሸከመ ስለማይጠፋ አጻጻፉን ሳልሸራርፍ ልናገር።

ከተማችን ራሷ መመስከር ታውቃለች። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ከሱዳን ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ ወጥቶ እንዳተረፈው ከአባት ለልጅ ሲነገር ኖሯል። ንቡ የሚመጣው ግን ቃጠሎው ከተነገረ በኋላ ነው። ቃጠሎ የሌለበት ንብ ለማን ይደንቀዋል? ብዙ ምስክርነት የሚበላሸው እዚሁ ላይ ነው፤ «ብዙ ተፈተንኩ፣ ግን ተመስገን» ተብሎ ቃጠሎው በአንድ ቃል ይታለፋል። ቀን የታለፈው ሌሊት ይመጣል።

ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ ቢክና የሚዘጋ በር ይበቃል። ስልክ ላይ አትጻፉ፤ ስልክ እጅ ይቀያይራል፣ ይፈተሻል፣ ልጆችም ይከፍቱታል። ማንቂያውን 15 ደቂቃ ሙሉና ገልብጡት። በተከታታይ 4 ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ ሳይሰርዙ፣ ስለ ፊደል ሳይጨነቁ። ሰዓቱ ከመኝታ በፊት አይሁን፤ ኪዳን አድርሰው ከተመለሱ በኋላ ያለው ጠዋት ይሻላል፣ የተነሣው ነገር እስኪመሽ ይረጋጋልና።

መጠኑን የወሰድኩት ከጥናት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔኒቤከር ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት የኮሌጅ ተማሪዎች በዚሁ ልክ ጽፈው ነበር። የሆነውን ነገርና የተሰማቸውን አንድ ላይ የጻፉት ተማሪዎች በቀጣዮቹ 6 ወራት ወደ ክሊኒክ መመላለሳቸው ቀንሷል። በጻፉበት ዕለት ግን ስሜታቸው ከፍቷል፣ የደም ግፊታቸውም ጨምሯል። ይህን ያልሰማ ሰው ማክሰኞ ላይ «ጭራሽ ባሰብኝ» ብሎ ደብተሩን ይወረውራል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ጥቅሙ አለ፣ ግን ትንሽ ነው። ተአምሩን ከእግዚአብሔር እንጂ ከደብተሩ አትጠብቁ።

ማክሰኞ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ መጀመሪያው ሰኞ ቢሆን መልካም ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው ያውቀዋል፣ የሰኞው ድርሻ ውስጥ መዝሙር 12 አለ (በሌላው አቆጣጠር 13)። «እስከ መቼ» የሚለው ጥያቄ መጀመሪያው ላይ 4 ጊዜ ይመላለሳል። ቅዱስ ዳዊት ምስጋናውን ያመጣው እነዚያን 4 ጥያቄዎች ከጨረሰ በኋላ ነው። ሰኞ እሱን አንብባችሁ የመጣላችሁን እንደ ወረደ ጻፉ።

ማክሰኞ ከመጻፋችሁ በፊት የሰኞውን አውጡና ከግሦቹ ሥር አስምሩ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ታገኛላችሁ፦ «ቤቱ ተሰበረ፣ ከብቱ ተነዳ፣ እኔም ተመታሁ።» ሦስት ግሥ፣ አንድም አድራጊ የለም። አማርኛችን በአንዲት «ተ» ሰውን መደበቅ ይችልበታል። አሁን እንደገና ጻፉት፦ «በሩን በእግሩ ሰበረው። ከብቱን ነዱት። በሰደፍ መታኝ።» እጅ የሚንቀጠቀጠው እዚህ ላይ ነው። «ተመታሁ» ውስጥ ጥፋቱ ባለቤት የለውም፤ ባለቤት ያጣ ጥፋት ደግሞ ዞሮ ዞሮ በተጎጂው ራስ ላይ ያርፋል፤ «ምን ልሠራ እዚያ ሄድኩ?» ያሰኛል። የአድራጊውን እውነተኛ ስም ግን አትጻፉ፣ «ረጅሙ» ወይም «ባለ ኮፍያው» በቂ ነው። ጎንደሬ ነገሩን በሰም መጠቅለል ይወዳል። ለአደባባይ ያምራል፤ ለደብተሩ ግን ሰሙን አቅልጡት።

ረቡዕ የስም ቀን ነው። አገራችን ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን «ቡዳ» ስትል የኖረች ናት፤ እዚሁ ጎንደር አጠገብ ያሉት የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ራሳቸውን «ቤተ እስራኤል» ሲሉ ሌላው «ፈላሻ» ይላቸው ነበር። በዘር፣ በሙያ፣ በሃይማኖት፣ በመደፈር ወይም በበሽታ የተነሣ የተለጠፈባችሁ ስም ካለ እንደ ተባለው ጻፉት፤ ማን አለው፣ የት፣ ማን እየሰማ? ከሥሩ እናታችሁ ወይም አያታችሁ የሚጠሯችሁን ስም ጻፉ፣ ሲጠሯችሁ የነበረውን ድምፅ ጨምሩበት። ብዙ ሰው የሚያለቅሰው ስድቡ ጋ ሳይሆን ሁለተኛው ስም ጋ ነው።

ሐሙስ መዝሙር 87 (88) ይደርሳል። መጨረሻው የወዳጅ መራቅ ነው፤ ምስጋና የለውም፣ ቢሆንም ከዳዊት አልወጣም። እናንተም ደስ በሚል ነገር ለመጨረስ አትታገሉ። ይልቅ የአራቱን ቀን ገጾች ይዛችሁ «ብኝ» እና «ልኝ» ቁጠሩ፦ ደረሰብኝ፣ ሞቱብኝ፣ ጨለመብኝ። 40 «ብኝ» ላይ 1 «ልኝ» ሊወጣ ይችላል፤ «ጎረቤቴ በሯን ከፈተችልኝ»። በዚያች ላይ ቀሪውን ደቂቃ ሁሉ አጥፉ፤ በምን እጇ ከፈተች፣ ምን ለብሳ ነበር፣ ምን አቀበለች? ጨርሶ ካልተገኘ አይፈጠር፤ ከወር በኋላ እንደገና ማየት ይቻላል።

የማይጻፍበት ጊዜም አለ። ነገሩ ከደረሰ ገና ወር ካልሞላው ይቆይ። እየጻፋችሁ ሳለ የት እንዳላችሁ ከጠፋባችሁ፣ ወይም ሞት ሞት ካላችሁ ደብተሩን ዝጉና ሰው ጥሩ፤ የአእምሮ ሐኪም ማየት እምነት ማጣት አይደለም። ጸበል የምትጠመቁም የታዘዘላችሁን መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ።

ክስ ያለበት ሰው ለፖሊስ ወይም ለፍርድ ቤት የሚሰጠውን ሌላ ወረቀት ላይ ያዘጋጅ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ያዩ ሰዎች፣ የሕክምና ወረቀት። ደብተሩ የነፍስ ነው፣ ከማስረጃው ጋር አይቀላቀል። ለነፍስ አባት የሚነገረውም ኑዛዜ ሌላ ነው፤ የተበደለ ሰው የተበደለውን እንደ ኃጢአቱ አይናዘዝም።

በዐውደ ምሕረቱ ማይክ ሲሰጣችሁ 2 ደቂቃ ቢኖራችሁ ነው። የለመናችሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የሆነባችሁን በአንድ፣ የተረፈውን ሁሉ ለ«ልኝ»። በር የከፈተችውን ሴት ሳታስፈቅዱ ስሟን አታንሱ፤ ያ ደግነት ዛሬም ጣጣ ሊያመጣባት ይችላል።

ደብተሩን ማቃጠል የፈለገ ያቃጥል፣ ብቻ «ልኝ»ዎቹን በትንሽ ወረቀት ይገልብጥ። የእኔ 3 ናቸው። ለሐምሌ ሥላሴ ከተሳልኩት ጧፍ ጋር ጠቅልያቸዋለሁ።