ውሃ ላይ ውሃ ልክ አይሠራም

የምንኖረው ጀልባ ላይ ነው። ይህን ስናገር ሐበሻው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ "እንዴ! ዝም ብላችሁ ውሃ ላይ?" አዎ፣ ዝም ብለን ውሃ ላይ። ለንደን ውስጥ የባለ ሁለት መኝታ ቤት ኪራይ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን ሁለተኛ ጥያቄ አይጠይቅም።

ጀልባዋ ናሮውቦት ከሚባሉት ናት። ርዝመቷ 57 ጫማ፣ ማለትም 17 ሜትር ከምናምን ነው። ስፋቷ ግን 2 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር ብቻ። ኮሪደር በላት። የዚህ ሁሉ መነሻ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመሐል እንግሊዝን ቦዮች ያስቆፈረው ጄምስ ብሪንድሊ የሚባል መሐንዲስ ነው። ጀልባን ከዝቅታ ወደ ከፍታ የሚያሻግሩትን ሎክ የሚባሉ የውሃ በሮች ወርዳቸውን 7 ጫማ ያህል አድርጎ ሠራቸው። ጀልባውም በዚያው ልክ ጠበበ። ሰውየው ውሃም ገንዘብም ቆጥቧል፤ ከ250 ዓመት በኋላ ልጆቼን የት እንደማስተኛ የሚጨነቀው ግን እኔ ነኝ።

ከውጭ 2.08 የሆነው፣ ብረቱና ብርድ የሚከለክለው ፎም፣ በላዩ ላይ የተለበጠው እንጨትም ሲቀነስ ወገብ ላይ 1.80 ይቀራል። ያኔ ትልቋ ልጄ 9 ዓመቷ ነበር። ሶፋ ላይ ትተኛለች። ትንሹ 5 ዓመቱ ነው፣ ከእኛ ጋር። ሌሊቱን ሙሉ እንደ ሰዓት ዘንግ ይዞራል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት እግሩ አፍንጫዬ ላይ ነው። አንድ ቀን ባለቤቴ "ወይ አልጋ ሥራ፣ ወይ እኔ መሬት ልተኛ" አለችኝ።

ወደ ኪንግስ ክሮስ ሄጄ የለንደን የቦይ ሙዚየምን ያየሁት ያን ሰሞን ነው። እዚያ የድሮ ጀልባ ክፍል አለ፤ ገብተህ ታያለህ። የጭነት ጀልባ ሠራተኞች ከነልጆቻቸው የሚኖሩት ከጀልባው ኋላ ባለች 3 ሜትር በ2 ሜትር ክፍል ውስጥ ነበር። የቁም ሳጥኑ በር ተከፍቶ ጠረጴዛ ይሆናል። ሌላው ሳጥን ሲዘረጋ የባልና ሚስት አልጋ ነው። መቀመጫው ማታ ለልጆች መኝታ ይሆናል። መጨናነቁ ብሶ መንግሥት በ1877 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ጀልባዎቹ እንዲመዘገቡ፣ በአንድ ክፍልም ስንት ሰው ማደር እንደሚችል እንዲወሰን ሕግ አወጣ። ያን ክፍል ካየሁ በኋላ "ቦታ የለንም" ማለት አሳፈረኝ። የገባኝ ነገር ደግሞ አለ። እዚያ ውስጥ አንድ ሥራ ብቻ ያለው ዕቃ የለም።

ስለዚህ ቋሚ ተደራራቢ አልጋ የሚለውን ሐሳብ ተውኩት። ቀን ሶፋ፣ ማታ ሁለት አልጋ የሚሆን ነገር አሰብኩ። በባቡር መኝታ ክፍል እንደሚሠራው ነው። የሶፋው መደገፊያ ከላይኛው ጠርዙ በማጠፊያ ግድግዳው ላይ ይያዛል። ቀን ተንጠልጥሎ ጀርባ ያስደግፋል። ማታ የታችኛውን ጠርዝ ይዘህ ወደ ላይ ስታነሳው ጋደም ይልና ላይኛው አልጋ ይሆናል። የመደገፊያው ስፖንጅ ራሱ ፍራሽ ነው።

አባዬ አዲስ አበባ ነው ያለው። ዕድሜውን ሙሉ እንጨት ሲልግ የኖረ፣ አሁን ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በዋትስአፕ ሥዕሉን ላኩለት። ቶሎ ደወለ።

"ይሄ ቆጥ ነው እኮ!" አለኝ። "ለዚህ ነው ይህን ያህል የተጨነቅከው?"

ከሱፐርማርኬት የሙዝ ካርቶን ለቃቅሜ በቴፕ እያያዝኩ አልጋውን በካርቶን ሠራሁት። ከሥራው ሁሉ በጣም የጠቀመኝ ይህ ነው፤ ዋጋውም የቴፕ ዋጋ ብቻ። ልጆቹን አስተኛሁባቸው። የመጀመሪያው ልኬ ላይኛዋ በደንብ እንድትቀመጥ ብሎ ታችኛውን 58 ሳንቲ ሜትር ብቻ የተወለት ነበር። ትንሹ ተኛ፣ ከዚያ "አባቢ!" ብሎ ብድግ ሲል ካርቶኑን በግንባሩ በሳው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ላይኛውን በ6 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረግሁት። አሁን ታች 64፣ ላይ 60 ሆነ። ልጅቷ ላይ ሆና ቀና ብላ መቀመጥ አትችልም። በክርኗ ተደግፋ ታነባለች። ከሁለት አንዱ መጎዳቱ ካልቀረ የምትጎዳው ፈልጋ የወጣችው ትሁን አልኩ።

ካርቶኑ ያሳየኝ ሌላ ነገር ግድግዳው ቀጥ ያለ አለመሆኑን ነው። የናሮውቦት ጎን ከውሃው እስከ ወገብ ድረስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። እዚያ ላይ ባለጀልባዎች ገነል የሚሉት፣ ከውጭ በኩል የሚረገጥ ጠባብ ጠርዝ አለ። ከእሱ በላይ ያለው ግድግዳ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ወደ ጣሪያው ሲቃረብም ይበልጥ ያጋድላል። ስለዚህ ታችኛው አልጋ ከገነሉ ሥር 10 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ስፋት አገኘና 70 ሆነ። ላይኛው 58 ላይ ቀረ። መደገፊያው ሲንጠለጠል ደግሞ ከጀርባው ያችው 10 ሳንቲ ሜትር ባዶ ትቀራለች። ቀን ብርድ ልብሱና ትራሱ የሚገባው እዚያ ነው። ይህን አስቤ አልነበረም፤ እንዲያው ተገኘ።

ቀጥሎ ወደ እንጨቱ። ትልቁ ኮምፔንሳቶ 2.44 በ1.22 ነው። በጀልባዋ በር አይገባም፤ ቢገባም አይዞርም። ሁሉንም ነገር ውጭ፣ ቦዩ ዳር ባለው የእግር መንገድ ላይ ቆርጬ አስገባሁ። ብስክሌተኞች ደወላቸውን እያንጫረሩ ያልፋሉ፣ እኔ "ሶሪ፣ ሶሪ" እላለሁ። በዚያ ላይ ቋሚ ማሰሪያ ቦታ የሌለን ጀልባዎች ቢበዛ በየ14 ቀኑ ቦታ መልቀቅ አለብን። ግማሽ የተሠራ አልጋ አስረህ፣ መጋዙን ጠቅልለህ ትጓዛለህ። ሁለት ቅዳሜና እሑድ ይበቃል ያልኩት ሥራ 7 ሳምንት ፈጀ።

ብሎን የት እንደሚገባ ማወቅም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከልባሱ እንጨት ጀርባ ፎም፣ ከፎሙ ጀርባ 4 ሚሊ ሜትር ላሜራ አለ። ከላሜራው ጀርባ ዝናብ። ብሎን የሚይዝልህ ልባሱ የተመታበት ሞራሌ፣ ያ ረጅሙ ጠርብ እንጨት፣ ብቻ ነው። ትንሽ ማግኔት በክር አንጠልጥዬ ግድግዳውን አዳረስኩት። የልባሱ ብሎኖች ራስ ላይ ሲደርስ ጠጋ ይላል። ብሎኖቹ በተደረደሩበት ሞራሌ አለ ማለት ነው። በመሰርሰሪያው ጫፍ ላይ ቴፕ ጠቅልዬ ጥልቀቱን ምልክት አደረግሁ። ከዚያ እንዳያልፍ።

አሁን ወደ ውርደቴ።

ታችኛውን ሳጥን ከነመሳቢያዎቹ ስሠራ እንደ አባቴ ልጅ ውሃ ልክ፣ ያችን ባለ አረፋ መለኪያ፣ አወጣሁ። አረፋዋ መሐል ላይ እስክትቆም ድረስ እያስተካከልኩ፣ በኮላና በብሎን አጠበቅሁት። ልቅም ያለ ሥራ። ፎቶ አንስቼ ለአባዬ ላክሁ። በሳምንቱ ሌሊት ላይ "ጢው… ጓ!" የሚል ድምፅ ሰማን። መሳቢያው ብቻውን ተከፈተ። ዘጋሁት። ትንሽ ቆይቶ ተከፈተ። ልጅቷ "አባ፣ ጋኔን አለ እንዴ?" አለች።

ጋኔን የለም፤ ውሃ ነው። የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያችን ከጀልባዋ አፍንጫ በኩል ነው። እኔ የለካሁ ቀን ሙሉ ነበር፣ አፍንጫዋ ሰምጧል። በሳምንቱ ሲጎድል አፍንጫዋ ቀና አለ። ባለቤቴ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን ስትሻገር እንኳ አረፋዋ ትንቀሳቀሳለች። ውሃ ልኬ ውሃ ላይ አልሠራም። አባዬን ብጠይቀው "ውሃ ልኩን ካላመንከው ቱምቢ ጣል" አለኝ። ቱምቢ በክር የሚንጠለጠል ክብደት ነው፤ ቀጥ ያለውን ያሳያል። አባዬ፣ ቱምቢውስ የሚንጠለጠለው የት ላይ ነው?

ያ ሳጥን ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ሁለተኛውን ጊዜ ምድርን ረስቼ ጀልባዋን ብቻ ለካሁ። ከወለሉ እኩል ከፍታ፣ ከክፍሉ መለያ ግድግዳ በእስኳድራ፣ በማዕዘን መለኪያው። ጀልባዋ ስታዘነብል አልጋውም አብሯት ያዘነብላል፤ ዓይን ምንም አያይም። መሳቢያዎቹ ላይ ደግሞ ትንሽ መቀርቀሪያ አደረግሁ።

ሁለተኛው ሞኝነቴ ይብሳል። ላይኛው አልጋ ሲነሳ የፊት ማዕዘኖቹ የሚያርፉባቸውን ሁለት ሞራሌዎች በግራና በቀኝ ባሉት መለያ ግድግዳዎች ላይ ቸነከርኩ። ጠንካራ፣ ቀጥ ያሉ። ከዚያ መደገፊያውን በኩራት ላነሳ ስል "ጓ!" አለና ቆመ። ለካ የሚመጣው ከታች ነው! የሚያርፍበት ድጋፍ መንገዱን ዘግቶታል። ካርቶኑ ላይ ይህን አልሞከርኩም፤ ካርቶኑን በእጄ ይዤ ነበር የቆምኩት። ሞራሌዎቹን ነቅዬ በምትካቸው ወፍራም የብረት መቀርቀሪያ አስገባሁ። አልጋው ከፍ ሲል መቀርቀሪያው ወደ ጎን ገብቶ ይይዘዋል። ባይይዝስ ብዬ ከጣሪያው ሥር በሁለት የጭነት ቀበቶም አንጠለጠልኩት።

ልጄን ከማውጣቴ በፊት 20 ሊትር ውሃ የሚይዙ 5 ጀሪካኖች ሞልቼ ላዩ ላይ ደረደርኩ። 100 ኪሎ። አንድ ሌሊት አደሩበት። ልጅቷ 30 ኪሎ አትሞላም። ጠዋት መቀርቀሪያው አልጎበጠም፣ ማጠፊያውም አልተላቀቀም። ማጠፊያው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ አንድ ረጅም፣ የማይዝግ ብረት ነው። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

የመከላከያው አጥርም ቀልድ አይደለም። ከፍራሹ በላይ 16 ሳንቲ ሜትር እንዲቀር አደረግሁት። በእንጨቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ7.5 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ሰፋ ካለ የልጅ ገላ ያልፍና ጭንቅላቱ ይቀራል። ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ ላይኛው ላይ አይተኛም። ትንሹ ይህን ሲሰማ ለሁለት ቀን አኮረፈኝ።

ስንጨርስ ጀልባዋ ወደ ግራ አዘነበለች። ያ ሁሉ እንጨት አንድ ጎን ላይ ነዋ። እኔ አላስተዋልኩም፤ ባለቤቴ በመጥበሻ የምትጋግራት ትንሽዬ እንጀራ በአንድ በኩል ወፍራ፣ በሌላ በኩል እንደ ወረቀት ሳስታ መውጣት ስትጀምር ነው የነቃነው። የከሰሉን ጆንያዎችና የመሣሪያ ሳጥኔን ወደ ቀኝ አዛወርኩ። እንጀራው ተስተካከለ።

ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ሻጋታ መጣ። ታችኛውን ፍራሽ ያስቀመጥኩት ድፍን ኮምፔንሳቶ ላይ ነበር። ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳል፣ ያልበዋል። እርጥበቱ ፍራሹን አልፎ ቀዝቃዛው እንጨት ላይ ውሃ ይሆናል። አንድ ቅዳሜ አንሶላ ልቀይር ፍራሹን ሳነሳ ሥሩ ጥቁር ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኗል። ጥፋቱ የእኔም ነበር። ብርድ ይገባል ብዬ ጣሪያው ላይ ካሉት የአየር ማስገቢያዎች አንዱን በካልሲ ወትፌዋለሁ። ከሰል ምድጃ ባለበት ጀልባ ይህን ማድረግ የለየለት ዕብደት ነው። ከሰል ቤት ውስጥ አስገብተው ተኝተው የቀሩ ሰዎችን ወሬ እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር የሚጮኸው መሣሪያ ከ2019 ጀምሮ መኝታ ባላቸው ጀልባዎች ላይ ግዴታ ነው፤ እኛም አለን። ግን እሱ የመጨረሻው ዘበኛ እንጂ ካልሲ ለመወተፍ ፈቃድ አይደለም። ካልሲውን ያን ዕለት አወጣሁ። ድፍኑን እንጨት አንስቼ በ5 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ረብራብ ደረደርኩበት። ፍራሹን ከግድግዳው 3 ሳንቲ ሜትር አራቅሁት። ላይኛውንም እንደዚያው አደረግሁ፤ ጭራሽ ቀለለልኝ። ሻጋታው አልተመለሰም።

ድጋሚ ብሠራው አንድ ነገር እቀይራለሁ። ላይኛው አልጋ ከነፍራሹ 18 ኪሎ ያህል ነው፤ ልጆቹ ብቻቸውን አያነሱትም። ስለዚህ በየማታው "አባ፣ አልጋ!" ተብዬ እጠራለሁ። የመኪና ኋላ በር እንደሚያነሳው ዓይነት የጋዝ ፒስተን ባስገባበት ኖሮ ሻዬን በሰላም እጨርስ ነበር።

ባለፈው እሑድ አባዬ በቪዲዮ አየው። ስልኩን ይዤ መሳቢያውን፣ ረብራቡን፣ መቀርቀሪያውን አንድ በአንድ አሳየሁት። አሁን 6 ዓመት የሞላው ትንሹ ላይኛው ላይ ተንሰራፍቶ እጁን ያውለበልባል። አባዬ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተከለ። ብዙ ጊዜ ዝም አለ።

"ጥሩ ነው" አለ በመጨረሻ። "ግን ልጄ፣ የዘመመው ስልኩ ነው አልጋው?"

"ጀልባዋ ናት አባዬ። ውሃ አልሞላንም።"