«እኔን!» ለራስም ይባላል

ባሕር ዳር ኮብልስቶን ላይ ሰው ተደናቅፎ ቢወድቅ፣ ከባጃጁም ከሱቁም «እኔን!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ያው የወደቀው ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ የቀኑን ስህተት ሲያስታውስ ግን ለራሱ የሚለው «ደደብ ነኝ» ነው።

ችግሩ ያለው «ነኝ» ላይ ነው። «ስብሰባው ላይ ዘግይቼ ደረስኩ» ድርጊት ነው፤ ቀንና ሰዓት አለው፣ ይስተካከላል። «ሰነፍ ነኝ» ግን ፍርድ ነው። የሚያስተካክለው ነገር ስለማያገኝ አእምሮ እያመላለሰ ያኝከዋል። ንስሐ አባት እንኳ ቀኖና ሲሰጡ ይህን ያህል ስግደት፣ ይህን ያህል ቀን ጾም ብለው ነው፤ ሲፈጸም ያልቃል። እኛ ለራሳችን የምንሰጠው ቅጣት ግን ማብቂያ የለውም።

ፍርዱን ወደ ድርጊት ለመመለስ ለ7 ቀን፣ ማታ ማታ 10 ደቂቃ መጻፍ ይበቃል። የደብተሩን ገጽ ለሁለት ክፈሉት። በግራ በኩል የዕለቱን «ነኝ» ከነስድቡ፣ ሳታሳምሩ ጻፉ። በቀኝ በኩል ያንኑ ነገር በድርጊት መልሳችሁ ጻፉት፦ «የማልረባ እናት ነኝ» የሚለው «ዛሬ ጠዋት ልጄ ላይ ጮህኩባት፤ ሌሊቱን አልተኛሁም ነበር» ይሆናል። በቀኝ በኩል «ሁልጊዜ» ወይም «መቼም» ከገባ ፍርዱ ተደብቆ ተመልሷል ማለት ነው፤ ሰርዛችሁ በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ እንደሆነ በቁጥር ጻፉ። ከሥሩ ሁለት መስመር ጨምሩ፦ ታናሽ እህታችሁ ይህን ብታደርግ የምትሏትን፣ ቀጥሎም ነገ የምታደርጉትን አንድ ትንሽ ነገር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት «አይዞሽ» ደረቅ ሆኖ ይሰማል፤ ግድ የለም። በእሱ ፋንታ «ጎበዝ ነኝ» ብሎ መጻፍ ግን አይሠራም። እሱም «ነኝ» ስለሆነ በሚቀጥለው ስህተት ይፈርሳል። ከሁሉ የሚያታልለው «እኔ እንዲህ ነኝ፣ ምን ይደረግ» የሚለው ነው፤ ራስን መቀበል ይመስላል፣ የነገው መስመር ግን ባዶ ነው። ራሱን የማይወቅስ ሰው ይሰንፋል የሚለው ፍርሃት ደግሞ መሠረቱ ደካማ ነው። በፈረንጆቹ 2012 በታተመ ጥናት፣ ከባድ ፈተና ከወደቁ በኋላ ለራሳቸው እንዲራሩ የተነገራቸው ተማሪዎች ለቀጣዩ ፈተና ከሌሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ አጥንተዋል።

ደረት ተጨንቆ ልብ ሲመታ መጻፍ አይቻልም። ሰውነት የራስን ስድብም እንደ ሌላ ሰው ስድብ አደጋ አድርጎ ሊቀበለው ይችላል። ያኔ ደብተሩን ተዉት። ማምሻውን ሐይቁ ዳር፣ የደንገል ታንኳዎቹ ለመድረቅ በቆሙበት አካባቢ ወይም ደጃፋችሁ ላይ ተቀመጡ፤ ስልኩ ቤት ይቅር። እስከ 4 እየቆጠራችሁ አየር አስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ፤ ለ5 ደቂቃ። ረጅሙ ትንፋሽ የልብ ምትን ያቀዘቅዛል።

ወቀሳው ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ ግን የደብተር ጉዳይ አይደለም። ሞትን የሚያስመኝ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሳምንትም አይጠበቅ፤ ለምታምኑት ሰው ነግራችሁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። ባሕር ዳር ባለው ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ።

በ7ኛው ቀን የግራውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ብዙ ጊዜ የሚደጋገመው ሁለት ወይም ሦስት «ነኝ» ነው። ከእያንዳንዱ አጠገብ መጀመሪያ የተናገረውን ሰው ጻፉ፦ አስተማሪ፣ አክስት፣ ጎረቤት። ማንም ካልተገኘ «ሰው ምን ይለኛል» ብላችሁ ጻፉ፤ ይሉኝታም የራሱ መስመር ይገባዋል።