ናይት ዱቲ፣ የደም ፍሪጅ እና ድራኩላ

ድራኩላ የሚለውን የቫምፓየር ልቦለድ ሶስቴ ጀምሬ ሶስቴ ጥዬዋለሁ። መጀመሪያ ፊልሙን አይታችሁ ከዛ መጽሐፉን የጀመራችሁ ካላችሁ ይገባችኋል። የመጀመሪያዎቹ አራት ምዕራፎች እንቅልፍ ይነሳሉ፣ ጆናታን ሃርከር የሚባል ወጣት የህግ ሰው ከእንግሊዝ ትራንሲልቫኒያ ድረስ የቤት ሽያጭ ሊያስጨርስ ሄዶ ቤት ገዢው ግንብ ውስጥ ታስሮ ይቀራል፣ ከዛ በቃ፣ ገጹን ስትገልጥ ሰውዬው የለም። ሁለት ሴት ጓደኛሞች ደብዳቤ ይጻጻፋሉ፣ አንዷ በአንድ ቀን ሶስት ወንድ ለትዳር ጠየቀኝ እያለች ታወራለች። እኔ ደም መጣጭ ስጠብቅ ሽምግልና መጣብኝ፣ ዘጋሁት።

አራተኛው ሙከራዬ ባለፈው ክረምት ናይት ዱቲ ላይ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ላብ ነው የምሰራው (ላብራቶሪውን ማለቴ ነው፣ ላቡም አለ)። እኛ ጋ አንድ አሮጌ የደም ፍሪጅ አለች። መጽሐፉን ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ካሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ገዝቼ ማይክሮስኮፑ ጎን አስቀምጬ፣ ናሙና ሳይመጣ ሳይመጣ እያነበብኩ፣ ደም መስጠቱ ጋ ደረስኩ። ሉሲ የምትባለዋ ልጅ በየሌሊቱ እየነጣች ትሄዳለች፣ ቫን ሄልሲንግ የሚባለው ፕሮፌሰር ከአምስተርዳም መጥቶ እጮኛዋን አጋደመና ቀጥታ ከሱ ወደ እሷ! ከሶስት ቀን በኋላ ደሞ ዶክተር ሴዋርድ ሰጠ፣ ከዛ ራሱ ቫን ሄልሲንግ ሰጠ፣ ከዛ ኩዊንሲ የሚባል አሜሪካዊ። አራት ወንድ፣ ሁለት ሳምንት የማይሞላ ጊዜ፣ ብለድ ግሩፕ የለ፣ ክሮስማች (የሰጪው ደም ከተቀባዩ ጋር ይስማማል ወይ ብሎ መፈተሽ) የለ። ብቻዬን ሳቄን ለቀኩት። ጠዋት ኃላፊያችን ሲገቡ «ጋሼ ይቺን ልጅ ቫምፓየሩ አይደለም የገደላት፣ ሐኪሞቹ ናቸው» አልኳቸው።

ጋሼ የዛሬ ስንት አመት አንብበውታል ለካ። ኮታቸውን እንኳን ሳያወልቁ «መጽሐፉ መቼ ወጣ?» አሉኝ። 1897 (ያው በፈረንጅ)። «ሳይንቲስቱ ላንድስታይነር የደም አይነቶችን ያሳወቀውስ?» 1901። «ታዲያ ሰውየው ምን ያርግ? አንተ ታሪኩን ነው የምታነበው፣ ቀኑን አታነብም። እያንዳንዷ ጽሑፍ ላይ ቀን አለ፣ የጻፈው ሰው አለ። ይሄ ሰው ዛሬ ምን አያውቅም እያልክ አንብብ፣ ፍርሃቱ እዛ ነው ያለው» አሉኝና የሬጀንት ኦርደር ሊፈርሙ ሄዱ።

እንግዲህ ሌላ ሰው አስር ገጽ የሚጽፍበትን ነገር ጋሼ በሁለት ደቂቃ ነገሩኝ። መጽሐፉን መለስ ብዬ ሳየው እውነትም ተራኪ የሚባል የለውም። የሃርከር ማስታወሻ አለ፣ ቆጠራው ማንበብ በማይችለው አጭር ጽሕፈት የተጻፈ (ቆጠራው ያልኩት ካውንት ድራኩላን ነው፣ ካውንት ማዕረጉ ነው፣ በእንግሊዝኛ መቁጠርም ማለት ነውና አንድ ጓደኛዬ እንደዛ ይለው ነበር ለቀቀኝም አያውቅ)፣ የሴቶቹ ደብዳቤ አለ፣ ዶክተሩ በፎኖግራፍ የቀዳው አለ፣ የጋዜጣ ቁራጭ አለ፣ የመርከብ መዝገብ አለ። ሁሉም የየራሱን ትንሽ ቁራጭ ነው የሚያውቀው። አንተ አንባቢው ብቻ ነህ ሁሉንም የያዝከው። ሃርከር ግንቡ ውስጥ ያየውን አንተ ታውቃለህ፣ ሉሲ ጋ ያሉት ሰዎች ግን አያውቁም፣ ስለዚህ መስኮቷ ላይ የሌሊት ወፍ ሲርገበገብ እነሱ የሌሊት ወፍ ያያሉ፣ አንተ ነህ የምትጮኸው። የመጀመሪያው ጎቲክ ልቦለድ (አሮጌ ግንብ፣ ምስጢርና ፍርሃት ያለበት የልቦለድ ዘር) የሚባለው የኦትራንቶ ግንብም 1764 ላይ ሲወጣ ደራሲው ሆራስ ዋልፖል ስሙን ደብቆ፣ ኔፕልስ ውስጥ ከታተመ አሮጌ ጣልያንኛ መጽሐፍ የተተረጎመ ነው ብሎ ነው ያወጣው። «ወረቀት ተገኘ» ማለት የዘሩ ጠባይ ነው።

እሺ አሁን ወደ ጥፋቴ።

የደም ፍሪጅ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ውስጥ ነው መቆየት ያለበት። እኛ ናይት ላይ ማታ 4 ሰዓት፣ ሌሊት 8 ሰዓት፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ አንብበን ሺቱ ላይ እንሞላለን። ሰኞ ንጋት ላይ 7 አየሁ። በሩን ገፋ አድርጌ ትንሽ ጠብቄ ሲወርድ 6 ብዬ ጻፍኩ። ማክሰኞም 7፣ አሁንም ጠብቄ 6። አሮጌ ናት፣ ጎማዋ ልቋል፣ ምናምን እያልኩ ለራሴ። ረቡዕ ሌሊት ድንገተኛ ክፍሉ ሲያሯሩጠኝ አድሮ አይኔ አልገለጥ አለኝና 11 ሰዓት ከመሆኑ በፊት የ12 ሰዓቱን ሞልቼ ተኛሁ። 5 ብዬ። ቆንጆ ቁጥር።

2 ሰዓት ላይ ተረኛው ገብቶ ሲያይ 9።

14 ከረጢት ደም ተለይቶ ተቀመጠ፣ ከዛ ተወገደ። ሁለቱ ኦ ኔጌቲቭ ነበሩ (የደም አይነቱ ገና ላልታወቀ ሰው በድንገተኛ የሚሰጠው፣ እንደልብ የማይገኘው)፣ የላብ ሰው ይሄን ሲሰማ ሆዱ ምን እንደሚል ያውቀዋል። 35 ቀን የሚቆይ ነገር ነው፣ ከ14 ሰው ክንድ የመጣ። ፍሪጇን ባለሙያ መጥቶ ቢያያት ምንም አላጣባትም። ተረኛው ደሞ «ቤቱ ሰው አለበት እንዴ፣ ጸበል እናስረጭ» እያለ ይቀልዳል፣ ሲቀልድ ግን አይስቅም።

ጋሼ አልተቆጡም፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የቴምፕሬቸር ሺቱን፣ ደም የወጣበትን መዝገብ፣ የጥበቃዎቹን የጀነሬተር ደብተር ሰብስበው ጠረጴዛዬ ላይ ቆለሉና «በሰዓት ቅደም ተከተል አንድ ላይ ጻፍልኝ» አሉኝ። ኤክሴል ከፍቼ ቁጭ አልኩ። የሚገርመው መጽሐፉ ላይም የደረስኩት ሚና የምትባለው የሃርከር ሚስት ታይፕራይተሯ ላይ ቁጭ ብላ የሁሉንም ሰው ማስታወሻ በቀን በቀን እያስተካከለች የምትገለብጥበት ጋ ነበር። እስከዛ ድረስ አምስት ወንድ በየፊናው ሲባዝን ነበር እኮ፣ ነገሩ አንድ ነገር መሆኑ የታየው እሷ በቀን ስትደረድረው ነው። ድሮ ባነበው ይሄ ምዕራፍ አሰልቺ ነው ብዬ እዘለው ነበር፣ ገድሉ ግን እሱ ነው።

ስደረድር ምን ወጣ? መብራት ሶስቱም ንጋት አልጠፋም። ደም አልወጣም፣ ማለት በሩ አልተከፈተም። የኔ 5 ደሞ እዛ መሀል እንደ ወርቅ ጥርስ ታበራለች። ከ5 ወደ 9 በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ያለምንም ምክንያት። መጽሐፉ ላይ ቆጠራው ሃርከርን ሶስት ደብዳቤ ያስጽፈዋል፣ ግንቦት 19 ቀን ቁጭ አድርጎ አንዱን ሰኔ 12፣ አንዱን ሰኔ 19፣ አንዱን ሰኔ 29 በል ይለዋል (በነሱ አቆጣጠር)፣ ልጁም መቼ እንደሚገደል ከቀኖቹ ይገባዋል። ያቺን ገጽ ሳነብ ፀጉሬ ቆሞ ነበር። ቀን አስቀድሞ የተጻፈ ወረቀት! እኔ ደሞ በገዛ እጄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ። ለጋሼ ሄጄ ተናዘዝኩ። «አውቄያለሁ፣ እስክሪብቶውም የ8 ሰዓቱ ነው» አሉኝ። ማስጠንቀቂያዬ አሁንም ፋይሌ ውስጥ አለ።

ግን 9ኙ ከየት መጣ፣ እሱ አልተፈታም። እዚህ ጋ መጽሐፉ ረዳኝ ብል ትስቁብኛላችሁ፣ ግን ረድቶኛል። ድራኩላ ትራንሲልቫኒያ አፈር የሞላ 50 ሳጥን ይዞ ነው እንግሊዝ የገባው፣ ቀን ቀን የሚያርፍበት። የት የት እንደበተናቸው የታወቀው በመስቀል አይደለም፣ በነጭ ሽንኩርትም አይደለም፣ ሃርከር ጋሪ ነጂዎችና ጫኞች ጋ እየሄደ የሚጠጡበትን እየሰጠ ጠይቆ ነው። አንዱ ከሱሪው ኋላ የሆነ ቦታ ጫፉ የተጣጠፈ ደብተር ያወጣል፣ በወፍራም እርሳስ የተሞነጫጨረ፣ ግማሹ የጠፋ፣ ሳጥኖቹ የወረዱበት ሰፈር ሁሉ እዛ ላይ ነው። ስንት መቶ አመት የኖረ ጭራቅ የኩሊ ደብተር አጋለጠው። የደራሲው ብራም ስቶከር ሥራም ለንደን ውስጥ የሊሲየም ቲያትር ሥራ አስኪያጅ ነበር፣ ደረሰኝና ሂሳብ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው፣ ትራንሲልቫኒያን ደሞ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የደረሰኝ ሰው መሆኑ መጽሐፉ ላይ ያስታውቃል።

እና እኛ ጋ ማንም እንደ መዝገብ የማይቆጥረው ወረቀት የትኛው ነው ብዬ ሳስብ፣ ሽንት ቤቱ በር ጀርባ ላይ የተለጠፈው የጽዳት ቼክሊስት ትዝ አለኝ። ሰኞ፣ ላብ፣ 11:15፣ ፊርማ። ማክሰኞ፣ ላብ፣ 11:10። ረቡዕ 11:20፣ ከዛ «ማዋለጃ ተጠርቼ»፣ ከዛ እንደገና ላብ፣ 1:45። አንድ እጅ፣ አንድ ፊርማ። ሌሎቹ ቀኖች ሌላ ሰው ነች።

የጽዳት ሠራተኛዋን እትዬን ጠራኋት። የዋህ ሴት ናት፣ ምንም አልደበቀችም። ክረምት ነው፣ ይበርዳል፣ ይሄ ልጅ ሲደክም ያድራል ብላ ሻይ ልታፈላልኝ ነው። ውሃ ማፍያውና ፍሪጁ አንድ ላይ ከተሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ስለዚህ ከኋላ የፍሪጁን ትነቅላለች፣ ስትጨርስ ትመልሳለች። ረቡዕ ግን ማዋለጃ ጠርተዋት ዘገየች። የፍሪጁ አላርምስ? «ሲጮህ ይቺን ተጫኛት ያልከኝ አንተ አይደለህ?» አለችኝ። እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንቅልፍ ላይ ሆኜ። ምን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም፣ ለምን ትጨነቅ ብዬ። ሻዩን ደሞ ሶስቱንም ቀን ጠጥቼዋለሁ፣ ቀረፋ ነበረው።

ያን ማታ ቤቴ ሄጄ የሉሲን እናት እንደገና አነበብኳት። መጀመሪያ ሳነብ የሰደብኳት ሴትዮ ናት። ቫን ሄልሲንግ ደም መጣጩ እንዳይገባ የልጅቷን ክፍል በነጭ ሽንኩርት አበባ ሞልቶ፣ አንገቷ ላይም አስሮላት፣ መስኮቱን ዘግቶ ሄደ። እናትየው የልብ በሽተኛ ናቸውና ማንም ምንም አልነገራቸውም፣ እንዳይደነግጡ። ማታ ገቡ፣ ክፍሉ ይሸታል፣ አየር የለውም፣ ለልጄ ብለው አበባውን አወጡት፣ መስኮቱን ከፈት አደረጉት፣ ጠዋት ለሐኪሞቹ በኩራት ተናገሩ። ፕሮፌሰሩ እሳቸው እስኪወጡ ጠብቆ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ከዚህ በኋላ እንኳን አልተማሩም፣ ወንዶቹ ያን ሁሉ ወረቀት የደረደረችላቸውን ሚናን «ይሄ ለሴት ይከብዳል፣ ከዚህ በኋላ አንነግራትም» ብለው ወሰኑ፣ ካውንቱ ወደ እሷ የገባው ልክ በነዛ ቀኖች ነው። ክፉው ሰው መስኮት ሲያንኳኳ ብዙም አትፈሩም እዚህ መጽሐፍ ውስጥ፣ ጥሩዎቹ ሰዎች ለጥሩ ብለው ዝም ሲሉ ነው የሚያስፈራው። እኔ በበኩሌ አሁን ጎቲክ ሳነብ ዓይኔ ጥርስ ላይ አይደለም፣ ማን ለማን ምን አልነገረም የሚለው ላይ ነው፣ ከዛ መሀል ላይ ያለው ቀርፋፋ ክፍል ሁሉ አይቀረፍፍም።

አሁን ፍሪጇ የራሷ ሶኬት አላት፣ ቀይ ፕላስተር ተለጥፎበታል። ሺቱን ሁለት ሰው ነው የሚፈርመው፣ ኮፒውም ጋሼ ካዝና ውስጥ ይገባል፣ ድራኩላም ዋናውን ሲያቃጥል ኮፒው ካዝና ውስጥ ነበርና።

እትዬ ባለፈው ሻይ ይዛ መጣች፣ ከታች ከሻይ ክፍል ነው አሁን የምታመጣው። «ምንድነው ሌሊት ሌሊት የምታነበው?» አለችኝ። ሰይጣኑን ትቼ የእናትየውን ነገር ብቻ አጫወትኳት፣ አበባውን፣ መስኮቱን፣ ልጅቷ እንደሞተች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝና ትንሽ ቆየች።

«እና ማን ነገራቸው?» አለች።

ማንም አልኳት። ብርጭቆውን ከፍሪጁ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችልኝ።