ሰማያዊዋ ፍሬ ፍሬ አይደለችም

በመስከረም መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ስምንት ዓመት የሆናትን ልጄን ይዤ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሄድኩ። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ብሉ ሪጅ ተራሮች ላይ ነው። በተራሮቹ አናት የሚያልፈው ስካይላይን ድራይቭ ርዝመቱ 105 ማይል ሲሆን በሰዓት ከ35 ማይል በላይ መንዳት አይፈቀድም። እኔ ዝግ ማለቱን እወደዋለሁ። እሷ ግን በየአምስት ደቂቃው «አባዬ፣ አልደረስንም?» ትለኛለች።

ወደ 63ኛው ማይል ስንጠጋ መኪናውን አቁመን ወደ ሳውዝ ሪቨር ፏፏቴ የሚወስደውን የእግር መንገድ ያዝን። ፏፏቴው 83 ጫማ ነው፣ በእኛ 25 ሜትር ገደማ። ያምራል፤ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለሱ አይደለም።

ቁልቁለቱን ስንወርድ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ አፈሩም እየጠቆረ መጣ። ረጃጅም ዛፎች ከላይ ገጥመው ጥላ ሠርተዋል። ልጄ ከፊቴ ትሮጥ ነበርና ድንገት ቆመች። «አባዬ፣ ብሉቤሪ!» እጇን ዘርግታለች። «እንዳትነኪው!» አልኩ፣ ካሰብኩት በላይ ጮኬ። ደነገጠች። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩና ይቅርታ ጠየቅኳት፤ «ምን እንደሆነ እስክናውቅ በዓይናችን ብቻ እንየው» ተባባልን።

እውነትም ታስጎመጃለች። ከአተር ትንሽ ከፍ የሚሉ፣ ድብልብል ያሉ፣ ዱቄት የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ ጥቁር ሰማያዊ ፍሬዎች፤ አንዳንዶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቆመዋል። ስልኬን አወጣሁ፣ ኔትወርክ የለም። እዚያ ሸለቆ ውስጥ የዕፅዋት አፕ ምንም አይሠራም። አሁን ሳስበው ጥሩ ሆነ፣ ምክንያቱም አፑ መልሱን ቢሰጠኝ ኖሮ አንድ ደቂቃ እንኳ አላያትም ነበር።

መጀመሪያ ብሉቤሪን አወጣነው። ብሉቤሪ ግንዱ እንጨት የሆነ ቁጥቋጦ ነው፣ ፍሬውም ጫፉ ላይ ትንሽ የኮከብ ዘውድ አለው። እዚህ ዘውድ የለም፣ ግንዱም ለስላሳ፣ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ የሚል አንድ ዘንግ ነው። ቀጥሎ የሰለሞን ማኅተም የሚሉት ተክል ትዝ አለኝ፤ እሱም ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ አለው። ግን የሱ ፍሬ ጎንበስ ባለው ግንድ ሥር ተደርድሮ ይንጠለጠላል፣ ቅጠሉም ያልተከፋፈለ ሞላላ ነው። የኛዋ ፍሬዋን ወደ ላይ ነው የያዘችው።

የበለጠ ያሳሰበኝ ቤንቤሪ ነበር፣ ምክንያቱም እሱም በዚሁ ዓይነት ጫካ የሚበቅል መርዘኛ ተክል ነው። የነጩ ቤንቤሪ ፍሬ በወፍራም ቀይ ዘንግ ላይ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱም መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ስላለው የአሻንጉሊት ዓይን ይሉታል። ፍሬው ሳይታይ ቅጠሉ ብቻ ቢሆን ግን ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። ልዩነቱ ጠርዙ ላይ ነው። የቤንቤሪ ቅጠል ዙሪያውን እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው። የኛዋ ጥርስ የላትም፤ ቅጠሏ ጫፉ ላይ ብቻ ሁለት ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል። ልጄ ጣቷን ሳታስነካ ስንጥቆቹን ቆጠረች። «ይሄ ሦስት፣ ይሄም ሦስት፣ ይቺ ሁለት።»

ማታ ቤት ገብቼ የአካባቢውን የዱር አበቦች መጽሐፍ ስገልጥ አገኘኋት። ብሉ ኮሆሽ ትባላለች፣ በሳይንሳዊ ስሟ ካውሎፊለም ታሊክትሮይደስ። የሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ተወላጅ ናት፣ ከካናዳ እስከ ጆርጂያ ድረስ ለም እርጥብ ጫካ ውስጥ ትበቅላለች። ጥቁር ኮሆሽ የሚባለው ሌላ ተክል ደግሞ ስሙ ቢቀራረብም ቤተሰቧ አይደለም፣ እንደዚህ ያለ ፍሬም የለውም።

የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያነበብኩት ነው። ያ ሰማያዊ ነገር ፍሬ አይደለም፣ ዘር ነው! አበባ ያለው ተክል ዘሩን በፍሬ ውስጥ ሸፍኖ ያሳድጋል፤ የምናውቀው ይህንን ነው። እዚህ ግን ዘሮቹ ገና ለጋ ሳሉ እያበጡ ይሄዱና ሽፋናቸውን ቀደውት ይወጣሉ፣ ከዚያ በኋላ እስኪበስሉ ድረስ ራቁታቸውን ነው የሚያድጉት። ሰማያዊው ሥጋ የዘሩ የራሱ ልባስ ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ያየናቸውም ከአንድ አበባ የወጡ መንትያ ዘሮች ናቸው።

ቅጠሏም እንዲሁ ያታልላል። ከግንዱ ላይ ሦስት ቅጠል የወጣ መስሎን ነበር፣ ለካ በሦስት የተከፈለ አንድ ትልቅ ቅጠል ነው። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አንድሬ ሚሾ እ.ኤ.አ. በ1803 በታተመ መጽሐፉ ካውሎፊለም ያላት ለዚህ ነው፤ በግሪክኛ ግንድና ቅጠል ማለት ነው፣ ግንዷ ራሱ የቅጠሉ ዘንግ ስለሚመስል።

መርዘኛም ናት፣ ጥሬ ዘሯ አይበላም። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ሥሯን ለወሊድ መድኃኒት ይጠቀሙበት ነበር፤ ዛሬ ሐኪሞች ነፍሰ ጡር ሴት እንዳትወስደው ያስጠነቅቃሉ። ይህን ሳነብ ያ ጩኸቴ ትንሽ ቀለለኝ።

በፀደይ ምን እንደምትመስል ሳነብ ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ በዚያው መንገድ ብቻዬን ሄጄ ትሪሊየም ፎቶ ሳነሳ ነበር የዋልኩት፤ ነጭ፣ ትልልቅ፣ ሰው ሁሉ የሚሄድለት አበባ። ስልኬን ከፍቼ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። አሥራ ሰባተኛው ላይ፣ ከትሪሊየሙ ጀርባ፣ ጥግ ላይ፣ ገና ያልተዘረጋ ሐምራዊ ቀለም ያለው ቅጠል አለ። አሰፋሁት። ከሱ በላይ ስድስት ጫፍ ያላቸው፣ አረንጓዴ ቢጫ የሆኑ ሚጢጢ አበቦች ቆመዋል። ደብዘዝ ብለዋል፣ ግን እሷ ናት።

ልጄን ጠርቼ አሳየኋት። «ይቺ ናት እንዴ?» አለች፣ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ። ከዚያ ትሪሊየሙን ከፎቶው ቆርጬ አወጣሁትና የቀረውን አስቀመጥኩ።